ደብተራ ሸጋውና የቀንድ ሰብር ሰሌዳ

ደብተራ ሸጋው ጽሕፈቱ ያማረ ሰው ነበር። መከራውም የመጣው ከዚሁ ነው። ጽሕፈቱ ባያምር ጣሊያን አያውቀውም፤ ጣሊያን ባያውቀው የመንገድ ዳር ሰሌዳ አይጽፍም፤ ሰሌዳ ባይጽፍ ደግሞ እኔም ዛሬ እሱን አንሥቼ አፌን አላደርቅም ነበር። ምን ይደረግ፣ እግዜር አንዳንዱን ሰው በገዛ ስጦታው ይቀጣዋል።

አገሩ ጎጃም ነው። ወደ መተማ ቆላ የወረደው ለንዳድ የሚሆን ክታብ እየጻፈ ሊኖር ነበር። ክታቡ ንዳዱን ያባር አያባር እንጃ፤ ሲያዩት ግን ሕመም ያስረሳ ነበር አሉ። ዳር ዳሩን ሐረግ ያወርድበታል፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ይጥልበታል፣ ፊደሉን እንደ ሙሽራ ይኩለዋል። «ጽሕፈት ያለ ቀይ ቀለም ማለት ወጥ ያለ በርበሬ ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ክታቡን አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው በንዳድ ቢሞት እንኳ ዘመዶቹ «እንዲያው ጽሕፈቱስ!» እያሉ ነበር የሚቀብሩት።

እዚያው መተማ የሻረግን አገባ። የሻረግ የቆላ ልጅ ናት፣ ነገር አታስተርፍም። ደስ ሲላት ባሏን «አንተ» ትለዋለች። ስትቆጣ «አንቱ» ትለዋለች። ሌላ ሰው በአንቱታ ይከበራል፤ ሸጋው ግን ሚስቱ «ደብተራ፣ ምሳዎ ቀርቧል» ካለችው ያን ቀን ምሳው ከጉሮሮው አይወርድም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት የሻረግ ከጠዋት እስከ ማታ «አንቱ» ሆነች። ምክንያቱ ታላቅ ወንድሟ አዛናው ነው። አዛናው የስልክ ሽቦ ይዞ ተገኘ። «የፍየል ጋጣዬን ላስርበት ነው» አለ። አርበኛ ይሁን ፍየል አርቢ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፤ ጣሊያን ግን የሚጠይቀው ፍየሎቹን አልነበረምና በእግር ብረት አስሮ መንገድ ሥራው ላይ ድንጋይ ፈላጭ አደረገው። ወሬው ከዚያም የከፋ ነው፤ እስረኞቹን ከባሕር መሐል ወዳለ ደሴት ሊወስዷቸው ነው፣ ወደዚያ የሄደ ደግሞ አይመለስም ይባላል።

«አንቱ» አለች የሻረግ፣ «ያ ሁሉ ክታብዎ ወንድሜን የማያስፈታ ከሆነ ለምን ይጠቅማል?»

«እስኪ ታገሺ እንጂ፣ የሻረግ።»

«እሺ፣ እታገሣለሁ። እርስዎም እራትዎን ይታገሡ።»

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ከኮኪት ወደ መተማ ሲመጡ ቀንድ ሰብር የሚባል ቦታ አለ። መንገዱ ድንገት እጥፍ ይልና ወደ ኾር ይወርዳል፤ ኾር የሚሉት የክረምት ጎርፍ ቦርቡሮ የጣለውን ገደል ነው። በሬ ሳይቀር ቀንዱን የሰበረበት ቦታ ስለሆነ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የመንገዱ መሐንዲስ ሲኞር ሩፊኒ እዚያ ላይ አንድ ሰሌዳ ተከለ። ሰሌዳው ላይ የሞተ ሰው ራስ ቅል፣ ከሥሩ ሁለት አጥንት በመስቀለኛ፣ ከዚያ በታች በላቲን ፊደል አንድ ረጅም ቃል አለበት።

ያገሬው ሰው አየና «የፈረንጅ መቃብር ነው» አለ። ታዲያ መቃብር ይረገጣል እንዴ? ነውር ነው። ሁሉም በአክብሮት ወደ ግራ ዞር ብሎ ማለፍ ጀመረ። በስተግራ ያለው ገደሉ ነዋ! ሙታንን አከብር ብሎ ስንቱ አህያ ከነጭነቱ ወደ ሙታን ተቀላቀለ መሰላችሁ። ላቲኑን የሚያነቡት ጣሊያን ሹፌሮች እንኳ አልዳኑም፤ ሰሌዳው የተተከለው ከመታጠፊያው በኋላ ስለነበር ሹፌሩ የሚያነበው ከወደቀ በኋላ ነው። አንድ ማካሮኒ የጫነ ካሚዮን እዚያ ተገለበጠና የቀንድ ሰብር ልጆች ማካሮኒውን እንደ ዶቃ እየሰኩ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

ሲኞር ሩፊኒ ሰሌዳውን ነቅሎ ከመታጠፊያው ወዲህ ተከለው። ይህንን እንኳ እናመስግነው። ቀጥሎ ግን ጥፋቱን ሁሉ በቋንቋው አሳበበና ጽሕፈት አዋቂ አምጡልኝ አለ። ሸጋውን አመጡለት። አስተርጓሚው ሐጂ ሙሐመድጣሂር ነበሩ፤ ምጽዋ ድረስ ነግደው ጣሊያንኛ የለመዱ፣ አፋቸው ማር የሆነ የመተማ ነጋዴ ናቸው።

«ምን ይላል ሐጂ?» አለ ሸጋው።

«ከመስቀል በኋላ አንድ ኮለኔል መንገዱን ሊመረምር ይመጣል ይላል። እስከዚያ እዚህ መኪና ከወደቀ የሱም ሹመት አብሮ ይወድቃል። ሰሌዳውን ባማርኛ ጻፍልኝ፣ የምትፈልገውን አደርግልሃለሁ ይላል።»

ሸጋው ብድግ አለ። «የሚስቴን ወንድም አዛናውን ይፍታልኝ በሉልኝ!»

ሐጂ አስተረጎሙ። ሲኞር ሩፊኒ ጢሙን ዳበሰ፣ ዳበሰና መለሰ። ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ።

«ኮለኔሉ እስኪመጣ አንድም መኪና ካልወደቀ አዛናው ይፈታል። አንድ መኪና ከወደቀ ግን አዛናው ወደ ባሕሩ ደሴት ይሄዳል። እንዲህ ነው ያለው፣ ደብተራ። ብዙም አትራቀቅ፣ አደራህን።»

ለሸጋው «አትራቀቅ» ማለት ለዳክዬ «አትዋኝ» እንደማለት ነው። ሌላ ሰሌዳ ስላልነበረ ራስ ቅሉንና ላቲኑን በነጭ ቀለም ደመሰሰ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ማሰብ ጀመረ። እንግዲህ ማንኛውም ጽሑፍ በምን ይጀመራል? በፈጣሪ ስም ነዋ! ስለዚህ ከላይ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አለ። ሰላምታስ ሳይሰጡ ለሰው ነገር ይነገራል? አይነገርም። «ሰላም ለእናንተ ይሁን መንገደኞች ሆይ» አለ። ቀጥሎ ልመናው ልብ እንዲነካ «በእንተ ስማ ለማርያም ተጠንቀቁ» ብሎ ጻፈ፤ የእመቤታችንን ስም በቀይ፣ ከሁሉም አግዝፎ። ዳር ዳሩን ሐረግ አወረደበት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቦታው አለቀና «ወደፊት ገደል አለ» የሚለውን ከታች፣ ከጠርዙ ላይ፣ እንደ ጉንዳን አድርጎ አስገባው። ሐምሌ ነበር። ሣሩ አደገ፣ ጉንዳኖቹንም ዋጣቸው።

ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከሩቅ የሚታየው ያ ቀዩ «ማርያም» ብቻ ሆነ። ክርስቲያኑ መንገደኛ ያን ሲያይ ቤተ ክርስቲያን የተተከለ መሰለው። ከበቅሎው ይወርዳል፣ ነጠላውን ያጣፋል፣ እዚያው መታጠፊያው መሐል ቆሞ ይሰግዳል፣ የሰሌዳውን እንጨት ይሳለማል። ማንበብ የሚችል ደግሞ ከተገኘ ጠጋ ብሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ያነባል። ይህ እንግዲህ የቆሎ ተማሪ በየደጁ የሚለምንበት ቃል ነው። ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ጎንደር አልተወለደም! ሁሉም ከስንቁ ቆንጠር እያደረገ ዳቦውን፣ ቆሎውን፣ ጭብጦውን ከሰሌዳው ሥር ማስቀመጥ ያዘ። ተማሪ ግን አልነበረም። ዝንጀሮ ነበር። የአካባቢው ዝንጀሮ ሁሉ ወሬውን ሰማና ከነልጅ ልጁ መጥቶ መታጠፊያው ላይ ከተመ።

አንድ ቀን ኸሊፋ የሚባል፣ ከድንበሩ ማዶ ከሱዳኑ ገላባት የመጣ ሹፌር ሲሚንቶ ጭኖ ሲመጣ በስተቀኙ ሰጋጅ፣ በስተግራው ዝንጀሮ፣ መሐል ላይ ባለቤቷ ተንበርክኮ የቆመች በቅሎ አጋጠመው። ፍሬን ያዘ። ካሚዮኑ ተንሸራተተና የኋላ እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ገደሉ አፍ ላይ ቆመ። ወድቋል እንዳይባል አልወደቀም፣ ቆሟል እንዳይባል አልቆመም። ኸሊፋ በመስኮት ወጥቶ ሰሌዳውን ተመለከተና «ያ ሰላም!» አለ፣ «ይሄን የጻፈው ወዳጅ ነው ጠላት?»

ሲኞር ሩፊኒ እንደ እብድ ሆነ። «አንድ ቃል!» አለ ጣቱን እያወዛወዘ። «አንድ ቃል ብቻ!»

ሸጋው ቤቱ ገብቶ አኮረፈ። «አንድ ቃልማ ምን ጽሕፈት ይባላል? ጩኸት ነው እንጂ» አለ።

«አንቱ» አለች የሻረግ፣ «ወንድሜ እዚያ ድንጋይ እየፈለጠ እርስዎ እዚህ ስለ ውበት ያወራሉ? አንድ ቃል ካሉዎት አንድ ቃል ይጻፉ!»

በነሐሴ አንድ ቃል ጻፈ፤ «ተጠንቀቅ»። እውነቱን ለመናገር ከሩቅ ይታይ ነበር። ግን ከምን ነው የምጠነቀቀው? ይህን የሚነግር የለም። መንገደኛው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና ዙሪያውን ይቃኛል። አንዱ ከጅብ ነው ይላል፣ አንዱ ከሽፍታ ነው ይላል፣ አንዲት ባልቴት ከኃጢአት ነው ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የባሰው የባንዳዎቹ ነው። ጠመንጃቸውን አንግተው ሲያልፉ «ተጠንቀቅ» የሚለውን አነበቡ፤ አርበኛ አድፍጧል ማለት ነው ብለው መሬት ላይ ተኙና ጫካውን ቀኑን ሙሉ በጥይት ደበደቡት። አንዲት የሰው እህል ያልነካች ቆቅ ገደሉ። የተኩሱ ድምፅ መተማ ሲሰማ የጣሊያን ጦር ሰፈር ሌላ ባንዳ ላከ፣ ያም መጥቶ ሰሌዳውን አነበበና አብሮ ተኛ።

ሸጋው በዚህ ጊዜ የእውነት ፈራ። ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ ሄዶ አዛናውን በሩቅ አየው። ከስቷል። እግር ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን ልጦታል። አዛናው ግን ሳቀበት።

«ደብተራ፣ ለጠላት መንገድ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ብትጽፍለት ጦርነቱ ባንድ ወር ያልቅ ነበር» አለው።

ሸጋው መሳቅ አቃተው። እንባው መጣ፤ ዞር ብሎ ጠረገው። ያን ዕለት ሲመለስ ጌጡም ሐረጉም ከዓይኑ ጠፋ። ይህን ሰው ባሕር መሐል ቢጥሉት የሻረግ ዕድሜዋን ሙሉ «አንቱ» እያለችው ልትኖር ነው። እሱም ቢሆን ይወደዋል፤ ሰርጉ ላይ ሚዜ የሆነው አዛናው ነው።

ሦስተኛውን ምን እንደሚል ሲኞር ሩፊኒ ራሱ ነገረ። ሐጂ ሙሐመድጣሂር አሳጠሩና «ገደል፤ ቀስ ብለህ ግባ» ብሎ ጻፍ አሉት። ወደ ኾሩ ቀስ ብለህ ውረድ ለማለት ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፣ እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አላስብም። ሸጋውም በዚህ ጊዜ ተምሯል። ጌጥ የለም፣ ሰላምታ የለም። ፊደሉ ግን ከሩቅ ይታይ ብሎ «ገደል» የሚለውን ከላይ፣ በሬ በሚያህል ፊደል ጻፈው። ጽሕፈት አዋቂ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አይቶ ነው መሐሉን የሚሞላውና «ግባ» የሚለውን ከታች በዚያው ልክ አስቀመጠው። ከዚያ «ቀስ ብለህ»ን ሊያስገባ ቢመለስ ቦታ የለም! ያገኘው ክፍተት የጣት ወርድ ያክላል። እዚያች ላይ አፍንጫውን ሰሌዳው ላይ ደግፎ በቀጭን ብዕር ጻፋት። ለሱ ታየችው። አጠገቧ ነበራ።

የመጀመሪያው አንባቢ የኮኪት ሽማግሌ ነበሩ። በቅሏቸውን እያሰገሩ መጡ፣ ቀና አሉና አነበቡ፤ «ገደል ግባ»።

ከበቅሏቸው ወረዱ። «ማነው» አሉ ዱላቸውን ጨብጠው፣ «ማነው እኔን በዚህ ዕድሜዬ ገደል ግባ የሚለኝ?»

የሚመልስላቸው አጡና ትንሽ ቆይተው ሰሌዳው የጣሊያን መሆኑን፣ መንገዱም የጣሊያን መሆኑን፣ በመንገዱም የሚመላለሰው ይበልጡን ጣሊያን መሆኑን አሰቡ። ከዚያ ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁና በቅሏቸው ላይ መውጣት እስኪያቅታቸው ሳቁ። «አይ ደብተራ! ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉ።

ወሬው ከኮኪት ሽንፋ፣ ከሽንፋ መተማ ዮሐንስ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ደብተራ ሸጋው በጣሊያን ሰሌዳ፣ በጣሊያን ቀለም፣ ጣሊያንን ገደል ግባ አለው! ትናንት «የጣሊያን ጸሐፊ» እያለ ፊቱን ያዞርበት የነበረ ሰው ዛሬ ከመንገድ ተነሥቶ እጅ ነሣው። ሸጋው ግራ ገባው። የሰማው ከየሻረግ ነው። እየሮጠች ገባችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አንተ ጀግና! ምነው ለኔ እንኳ ሳትነግረኝ?»

«ምኑን?»

ነገረችው። ሸጋው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ወይኔ ልጁ! ቀስ ብለህ የሚል አለበት እኮ! መሐሉ ላይ አለ!»

«መሐሉን ማን ያየዋል? በል ዝም በል።»

ዝም ማለትስ አልቻለም። ቀለሙን ይዞ ሲኞር ሩፊኒ ዘንድ ሮጠ፤ ትንሽ ላስተካክለው ብሎ ለመነ። መሐንዲሱ እጁን ይዞ አስቀረው። ከዚያ ሰሌዳ ወዲህ አንድ አህያ እንኳ አልወደቀም። የሚያልፈው ሁሉ ሊያነብ ቀስ ይላል፣ የማያነበው ካነበበው ሊሰማ ይቆማል፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ እየሳቀ በግሩ ይወርዳል። ሹፌሮቹ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያዩ ከሩቅ ጀምረው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። «ፐርፌቶ!» አለ ሲኞር ሩፊኒ። «እንዳትነካው! ከነካኸው አስርሃለሁ!»

መስቀል አለፈ። ኮለኔሉ በምታብረቀርቅ ትንሽ መኪና መጣ። ቀን ሠራተኛው፣ እስረኛው፣ ባንዳው፣ የመተማ ሴት ሁሉ ቀንድ ሰብር ላይ ተሰለፈ። ሸጋው ከየሻረግ አጠገብ ቆሞ ዳዊት ይደግማል። አዛናው ከነእግር ብረቱ ከእስረኞቹ መሐል አለ። ኮለኔሉ ከመኪናው ወረደ፣ ሰሌዳውን ወዶ አየው፣ ምን ይላል ብሎ ጠየቀ።

የሐጂ ሙሐመድጣሂር ላብ ከጥምጥማቸው ሥር ፈሰሰ። ወሬውን ሰምተው ነበር፤ በዓይናቸው ያዩት ግን ገና ያን ጊዜ ነው። ዓይናቸው ወደ ሸጋው ሄደ፣ ወደ አዛናው ሄደ፣ ወደ ሰማይ ሄደ። «ክቡር ሆይ፣» አሉ በጣሊያንኛ፣ «እንኳን ደኅና መጡ፣ በእርጋታ ይግቡ ማለት ነው።»

ኮለኔሉ ደስ አለው። ባማርኛ እንዴት እንደሚባል አስጠኑኝ አለ። ሐጂ ምን ያድርጉ፣ ነገሩት። ኮለኔሉም ድንጋይ ላይ ወጣ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ ለተሰለፈው ሕዝብ በሙሉ ድምፁ «ጌዴል ጊባ!» አለ።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ።

ከዚያ ከእስረኞቹ መሐል የአዛናው ድምፅ መጣ፤ «እንዳፍዎ ያድርግልን፣ ጌታዬ!»

የሻረግ እልልታዋን ለቀቀችው። ሴቱ ተቀበላት። ሠራተኛው «እንዳፍዎ! እንዳፍዎ!» እያለ መሬት ነካ። ኮለኔሉ እንዲህ የወደደው ሕዝብ አይቶ አያውቅም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መኪናው ውስጥ ገባና ለሹፌሩ ንዳ አለው።

እስቲ አሁን ልብ በሉ። ቀንድ ሰብር ገደል መሆኑን የማያውቅ ሰው እዚያ አገር ማን ነበር? ኮለኔሉና ሹፌሩ ብቻ። ሰሌዳውን የማያነብስ? እነሱው። ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ ቀለም፣ ገደሉን አብሮት ላደገው ሰው ገደል አለ ብሎ ለመንገር ነበር። ሹፌሩ በእልልታው ሞቅ ብሎት ነዳጁን ረገጠ። መኪናዋ መታጠፊያውን ትታ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ቀጥ ብላ ወረደች፣ ከታች ከክረምት የተረፈ ጭቃ ውስጥ እስከ አንገቷ ገባች።

ማንም አልሳቀም። ሸጋው አልሳቀም፣ የሻረግ አልሳቀችም። መኪና ወደቀ ማለት አዛናው ወደ ባሕሩ ደሴት ሄደ ማለት ነው። የሻረግ የባሏን ክንድ ጨብጣ ጥፍሯን ሰካችበት። «ወንድሜን ፈጁት» አለች።

ከታች ኮለኔሉ በጭቃ ተለውሶ ይጮኻል። ሲኞር ሩፊኒ ከላይ ይጮኻል። መኪና በገመድ የሚጎትት ጉልበት ያለው እስረኛው ነው፤ በእግር ብረት ደግሞ ገደል አይወረድም። ፍቷቸው! አለ መሐንዲሱ። ፈቷቸው። እስረኞቹ ገመድ ይዘው ወረዱ፣ «ሆ በል!» እያሉ ጎተቱ፣ አቧራና ጭቃ፣ ጩኸትና ስድብ አንድ ላይ ተደበላለቀ። መኪናዋ ወጣች። ኮለኔሉ ወጣ። እስረኞቹ ወጡ። አዛናው አልወጣም።

ሲኞር ሩፊኒ ሸጋውን ደረቱ ላይ ያዘው። «አዛናው የት አለ?»

ያለ ጌጥ፣ ያለ ሰላምታ ሁለት ቃል ከሸጋው አፍ ወጣ፤ «ገደል ገባ»።

ሐጂ ቶሎ ብለው አስተረጎሙ፤ ወድቆ ጭቃው ዋጠው፣ ሞተ አሉ። መሐንዲሱ ወደ ጭቃው አየ፣ ወደ ኮለኔሉ አየ። በዚህ ቀን ላይ ጠፋ የሚባል እስረኛ ከሚጨመርበት የሞተ ቢሆንለት ይሻለዋል። «ሞርቶ» አለ። «ሞርቶ» አለ ሁሉም ተቀብሎ፣ እስረኛው ሳይቀር። ኮለኔሉ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ የሸጋውን ቃል ለይቶ ሰምቷል። ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ አንገቱን ዝቅ አደረገና በትሕትና መለሰለት፤ «ጌዴል ጊባ።»

በማግሥቱ በየሻረግ ደጅ ለቅሶ ተቀመጠ። የሞተ ሰው ለቅሶ ከሌለው ባንዳው ይጠረጥራላ! አገሩ ሁሉ መጣ። ሸጋው ሌሊቱን ጆሮዋ ላይ «በኾሩ በኩል ሲሾልክ አይቼዋለሁ፣ ደኅና ነው» ብሏታል፤ ከዚያ በላይ እሱም አያውቅም። የሻረግ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ሰው «እግዜር ያጥናሽ» ባላት ቁጥር ያ ጭቃ የለበሰ ኮለኔል አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ይታያታል፣ ሳቅ ያፍናታል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አልቃሹ «ምስኪን፣ እንዴት አንጀቷ ተላወሰ» እያለ አብሯት ያነባል። ሲኞር ሩፊኒ ሳይቀር ባርኔጣውን አውልቆ መጥቶ በር ላይ ትንሽ ቆመና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ኸሊፋ መጣ፣ ያ የገላባት ሹፌር። እንደ ወጉ እጁን ዘርግቶ ፋቲሐ አደረገ፣ ከሸጋውና ከየሻረግ አጠገብ ተቀመጠ፣ ወደ መሬት እያየ በቀስታ ተናገረ።

«ወንድምሽ ከጓሮ ያለው ማሽላ ውስጥ ነው። አሁን መሄዱ ነው። ከድንበሩ ውሃ ወዲያ ማዶ እኔ እቀበለዋለሁ። ሙሾው አነሰኝ ብሎሻል።»

የሻረግ ሳቋ ቀጥ አለ። ደኅና ነው ማለትና ልሄድ ነው ማለት ለየቅል ነው፤ ያን ጊዜ ገና ገባት። ብድግ አለች፣ ነጠላዋን ከወገቧ ታጠቀች፣ ፊቷን ወደ ማሽላው አዙራ ደረቷን መታች። ድምፅዋ እስከ ጥግ ይሰማ ነበር።

«ሂድ እንግዲህ አያ፣ ውሃውን ተሻገር፣
ከወዲያ ማዶ ነው፣ እረፍት ያለው አገር።»

ለቀስተኛው ነፍሱን ወደ ሰማይ የምትሸኝ መስሎት አብሯት አለቀሰ። ደጁ ላይ የቆሙት ባንዳዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸጋው ብቻ ማሽላውን ያይ ነበር። የማሽላው ራስ አንድ ጊዜ ተነቃነቀና ንቅናቄው ወደ ውሃው አቅጣጫ እየራቀ ሄደ።

«ተመስገን» አለ ሸጋው በሆዱ፣ «ይችን እኔ አልጻፍኳት።»

የሻረግ ግን ማሽላው ጸጥ ካለም በኋላ አላቆመችም። ለቀስተኛው ቢይዛት፣ ቢያጽናናት፣ ውሃ ቢረጫት እምቢ አለች። ባሏ ተነሥቶ ትከሻዋን ሲይዛት ፊቷን ደረቱ ላይ ደፍታ «አንተ፣ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም» አለችው፤ እውነተኛው ለቅሶ የተጀመረውም ያን ጊዜ ነው።